የእርካታ መጠይቅ የሠራተኛን ልብ ያሳያል ወይ?

የዛሬው ጥያቄ፦ ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ማስሞላት ጀምሯል። በሩ ላይ ደግሞ የአሻራ ማሽን አለ። ሰው ሥራውን ከልቡ መያዙ በዚህ ይታወቃል? ወይስ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ደሞዝ ላይ ቢጨመር ይሻላል? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የባንክ ልጅ፦ በፍጹም አይታወቅም። አሻራ የሚያሳየው 2፡00 ሰዓት ላይ መግባቴን ብቻ ነው። መጠይቁማ እኛም ቅርንጫፍ መጥቶ ነበር። ስም አይጻፍም ተባለ፣ ግን የሥራ መደብ፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን ሙሉ ይላል። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለችው ሴት ኦዲተር አንድ ናት! ስሟን ከመጻፍ በምን ይለያል? ሁላችንም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገን መለስን። ሥራ አስኪያጁም ውጤታችን አሪፍ ነው ብሎ ስብሰባ ላይ አመሰገነን፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጎበዝ ልጆች ለቀው ሌላ ባንክ ገቡ።

ኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ነኝ፦ ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን ጥፋቱ የመጠይቁ ሳይሆን ያዘጋጀው ሰው ነው። የጥቂት ሰዎች ክፍል ውጤት ለብቻው መውጣት የለበትም፣ ማን ምን እንዳለ ይታወቃላ። ጋሉፕ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በመላው ዓለም ሠራተኞችን የሚጠይቅበት መጠይቅ 12 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ከእኔ የሚጠበቀውን አውቃለሁ ወይ? ሥራዬን በደንብ የምሠራበት ዕቃ አለኝ ወይ? ሰሞኑን ጎበዝ ያለኝ ሰው አለ? ስለ ደሞዝ አንድም ጥያቄ የለውም።

ከሐዋሳ፦ ችግሩ እኮ እሱ ነው! የኢንዱስትሪ ፓርኩን ልጆች ጠይቋቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ በልተው፣ ቤተሰብ ጋ ልከው ምን ሊተርፋቸው? ሠልጥነው እጃቸው ሲፍታታ ጥለው ይሄዱ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን የደሞዝ ወለል የሚያይ ቦርድ ይኖራል ይላል፣ እኔ ከመጠይቁ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። የራበውን ሰው «እርካታህ ስንት ነው?» ማለት ነውር ነው።

ኤችአር ነኝ፦ ደሞዝ መሠረት ነው፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። ግን ጥሩ እየተከፈለው አለቃው ሰው ፊት ስለሚያዋርደው የሚለቅም ሞልቷል፣ የመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ «በግል ጉዳይ» ብሎ ይሄዳል። እሱን በምን እንወቅ?

የባንክ ልጅ፦ ወርዳችሁ እዩና። ዕቃ አለኝ ወይ የሚለውን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የእኛ ብር መቁጠሪያ ማሽን ከተበላሸ ከርሟል፣ በእጅ እየቆጠርን ሒሳብ እስኪዘጋ እናመሻለን፣ ልጅ ያላቸው እናቶች ስልክ እያዩ ይጨነቃሉ። መጠይቁ ላይ ይሄንን የጻፉ ነበሩ። መልስ የሰጠን የለም። ሌላ መጠይቅ ከማምጣታችሁ በፊት የበፊቱን ውጤት ንገሩን፣ ማሽኑንም አስጠግኑልን። ያኔ እኔ ራሴ እውነቱን እሞላለሁ።