ኔትወርክ ካርድ ስጨምር ማውሱ ይደርቃል፤ መፍትሔው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዊንዶውስ 98 የተጫነበት አሮጌ የፔንቲየም ኮምፒውተር ቤቴ አለኝ፤ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ በርካታ ሰነዶች በውስጡ ይገኛሉ። ሰነዶቹን በኬብል ወደ ላፕቶፔ ለማሻገር ኤንኢ 2000 የሚባለውን ዓይነት ያገለገለ የአይኤስኤ (የቀድሞው ዓይነት የካርድ መሰኪያ) ኔትወርክ ካርድ ገዝቼ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ በሰላም ይነሳል፤ ነገር ግን ካርዱ መረጃ መላክ ሲጀምር ኮም 2 በሚባለው ሲሪያል ፖርት ላይ የተሰካው ማውስ ይደርቃል፣ በዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች በሚዘረዝረው መስኮት) ውስጥም ከካርዱ ስም ጎን ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ይታያል። ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ለውጥ የለም።

መልስ 1፦
ችግሩ የድራይቨር ሳይሆን የአይአርኪው ግጭት ይመስለኛል። አንድ ካርድ የፕሮሰሰሩን ትኩረት ሲፈልግ የሚጠራበት መስመር አይአርኪው ይባላል፤ በእርስዎ ዓይነት ማሽን ላይ ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 መስመሮች ብቻ አሉ፣ አብዛኞቹም የተያዙ ናቸው። ኮም 2 የሚጠቀመው በቁጥር 3 ሲሆን፣ የኤንኢ 2000 ካርድም ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው ይኸው ቁጥር ነው። የፒሲአይ (ከአይኤስኤ በኋላ የመጣው የመሰኪያ ዓይነት) ካርዶች አንድ መስመር መጋራት ስለሚችሉ በእነርሱ ዘንድ ቁጥር ተደግሞ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የአይኤስኤ ካርድ ግን ብቻውን የሚይዘው መስመር ያስፈልገዋል። በዲቫይስ ማናጀር አናት ላይ ያለውን «ኮምፒውተር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ቢጫኑ የትኛው ቁጥር በማን እንደተያዘ ዝርዝሩን ያገኛሉ።

መልስ 2፦
ይህን ሁሉ ከመድከም ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ መቀየሪያ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት አይቀልም?

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰነዶቹ በትክክል የሚከፈቱት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ስለሆነ ማሽኑ ራሱ እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ካርዱን ወደ ቁጥር 5 ባዛውረው ማውሱ ተስተካከለ፤ አሁን ደግሞ ድምፅ ጠፋ።

መልስ 1፦
የሚጠበቅ ነው፤ የሳውንድ ብላስተር ዓይነት ካርዶች በተለምዶ ቁጥር 5ን ይይዛሉ። በዝርዝሩ ላይ 10 ወይም 11 ነፃ ከሆነ አንዱን ይምረጡ። ለውጡ በሁለት ቦታ መደረግ አለበት፤ በመጀመሪያ ካርዱ ላይ ባሉት ጃምፐሮች (ቦታቸው እየተቀየረ ቁጥር የሚመረጥባቸው ትንንሽ መሰኪያዎች)፣ ጃምፐር ከሌለው ደግሞ አብሮት በሚመጣው የማስተካከያ ፕሮግራም (በዊንዶውስ ውስጥ ባለው መስኮት ሳይሆን ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው በዶስ አስነስተው)፤ ቀጥሎ በዲቫይስ ማናጀር የካርዱ ሪሶርስ ገጽ ላይ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፍተው ያንኑ ቁጥር ይስጡት። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥም የፒሲአይ ገጹን ከፍተው የመረጡትን ቁጥር ለአይኤስኤ ያስይዙ፤ አለበለዚያ አንድ የፒሲአይ ካርድ በሚቀጥለው ሲነሳ ሊወስደው ይችላል።

መልስ 3፦
ነፃ ቁጥር ካጡ ደግሞ ማውሱን ወደ ኮም 1 ያዛውሩና ኮም 2ን ከባዮስ ያጥፉት፤ ያን ጊዜ ቁጥር 3 ለኔትወርክ ካርዱ ይቀራል። ፕሪንተር የማይጠቀሙ ከሆነ የፓራለል ፖርቱን ቁጥር 7ም እንዲሁ ማስለቀቅ ይቻላል። የኮምፒውተሩ ሰዓት በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ አስቀድመው የማዘርቦርዱን ባትሪ ይቀይሩ፤ ባትሪው ከደከመ ባዮስ ውስጥ ያደረጉት ማስተካከያ ሁሉ ይጠፋል። ካርድ ከመንካትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን መንቀል አይርሱ።

ጠያቂው፦
በቁጥር 10 ማውሱም ድምፁም ካርዱም አብረው ሠሩ፤ የቢጫው ምልክትም ጠፍቷል። የቀረው ላፕቶፑ የአሮጌውን ኮምፒውተር የጋራ ፎልደር አለማየቱ ነው።

መልስ 2፦
እርሱ ከአይአርኪው ጋር አይገናኝም። ዊንዶውስ 98 የሚጠቀምበት የፋይል መጋሪያ ስልት በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ለደህንነት ሲባል ተዘግቷል። እርሱን ከመክፈት ይልቅ ላፕቶፑ ላይ አነስተኛ የኤፍቲፒ (ፋይል በኔትወርክ የማስተላለፊያ ስልት) ሰርቨር ይጫኑ፤ ከዚያም በዊንዶውስ 98 የዶስ መስኮት ውስጥ በሚገኘው የኤፍቲፒ ትእዛዝ ሰነዶቹን ይላኩ። የሰነዶቹ ፋይሎች ጽሑፍ ብቻ ስላልሆኑ መላክ ከመጀመርዎ በፊት የመላኪያውን ስልት ወደ ባይናሪ (ፋይሉን ሳይለውጥ እንዳለ ወደሚልከው) ይቀይሩት፤ ፎንቶቹንም አብረው ይላኩ።