ፌስቡክ ሁሉንም ሊንክ መነሻ ገጽ ያደርገዋል፣ ቴሌግራም የድሮውን ይዞ ቀርቷል፤ ሜታ ታጎቹ ምን ሆነው ነው?

ባለበርጩማው

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ጅማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ስለሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ነው። በርጩማ፣ ረከቦት፣ ወንበር፣ አልጋ፣ በጠቅላላው 40 ገደማ የዕቃ ገጽ አለው። ዎርድፕረስ ላይ ነው ያለው፤ ቲሙ (የገጹ መልክ) በእጅ የተሠራ ስለሆነ ሜታ ታጎቹን (ስለ ገጹ ለጉግልና ለፌስቡክ የሚናገሩትን የተደበቁ መስመሮች) የሚያወጣቸው ፕለጊን ሳይሆን ሄደር ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ኮድ ነው። ገጾቹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ናቸው።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። ፌስቡክ ላይ የየትኛውም ዕቃ ሊንክ ሲለጠፍ የመነሻ ገጹ ርዕስና እዚያ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ አንዳንዱ ሊንክ ዛሬም «በግንባታ ላይ ነን» ይላል፤ ገጹ ከተከፈተ ሁለት ወር አልፎታል። ዋትስአፕ ላይ ጽሑፉ ይመጣል፣ ፎቶው የለም። ጉግል ላይ ማብራሪያው አሥር ምናምን ቃል ሄዶ ይቆረጥና መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይታያል። ያው ማብራሪያ በኦጂ ዲስክሪፕሽን በኩል (ኦጂ የሚባሉት ፌስቡክና መሰሎቹ ሊንክ ሲለጠፍ የሚያነቧቸው ሜታ ታጎች ናቸው) ሲወጣ ደግሞ ብዙ ገጽ ላይ ጭራሽ ባዶ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። «በእጅ የተቀረጸ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ» የሚል ገጽ አለ፤ አድራሻው ግን «የጅማ-በር» ብሎ ያልቃል። ማንም አልነካውም። ሊንኩን ያዩ ሰዎች የበር ዋጋ እየጠየቁ ነው።

ሄደሩ የሚያወጣው፦ ኦጂ ታይትል የዕቃው ስም፣ ኦጂ ዩአርኤል የመነሻ ገጹን አድራሻ ከሚሰጠው ከሆም ዩአርኤል ፈንክሽን፣ ኦጂ ኢሜጅ በስላሽ የሚጀምር የፋይል መንገድ። ፎቶዎቹ 3000 በ4000 ፒክስል፣ ወደ 4 ሜጋባይት የሚጠጉ ናቸው። ማብራሪያው ሰብስትር በሚባለው ጽሑፍ መቁረጫ ፈንክሽን 160 ላይ ይቆረጣል፤ ለጉግል የሚሄደው እንዲሁ ይታተማል፣ ለኦጂ የሚሄደው ግን በኢኤስሲ አትር (ጽሑፍን ለታግ በሚያጸዳው የዎርድፕረስ ፈንክሽን) ያልፋል።

ጅሬን ማዶ

ሰላም ወንድሜ። ኮዱ ምን እንደሚያወጣ ጽፈህ መጠየቅህ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል።

የፌስቡኩን ኦጂ ዩአርኤል ነው ያበላሸው። ይህ ታግ ለፌስቡክ «የዚህ ገጽ ትክክለኛ አድራሻ ይህ ነው» የሚል ትእዛዝ ነው። ቦቱ (ገጾችን የሚያነበው የፌስቡክ ፕሮግራም) የበርጩማውን ገጽ ይከፍታል፣ ኦጂ ዩአርኤል ላይ የመነሻ ገጹን አድራሻ ያያል፣ ከዚያ የበርጩማውን ትቶ መነሻ ገጹን ሄዶ ያነባል። ኦጂ ታይትሉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አይረዳህም። በሆም ዩአርኤል ፈንታ የዚያውን ገጽ አድራሻ የሚሰጠውን ጌት ፐርማሊንክን አድርግ። መነሻ ገጹና የዝርዝር ገጾቹ ላይ ግን ጌት ፐርማሊንክ የመጀመሪያውን ዕቃ አድራሻ ሊሰጥህ ስለሚችል ነጠላ ገጽ መሆኑን አረጋግጦ ብቻ እንዲሠራ ሁኔታ ጻፍለት።

እዚያው እያለህ ካኖኒካሉን (የገጹን ዋና አድራሻ ለጉግል የሚናገረውን ታግ) ተመልከት። ዎርድፕረስ ለነጠላ ገጾች ካኖኒካል በራሱ ያወጣል። በእጅ ሌላ ጨምረህ ከሆነ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጉግል ሁለቱንም ችላ ሊል ይችላል። ካኖኒካሉና ኦጂ ዩአርኤሉ እስከ መጨረሻዋ ስላሽ አንድ መሆን አለባቸው።

ኦጂ ኢሜጅም በስላሽ ከጀመረ አይሆንም። ብሮውዘር ያንን ከድረ ገጹ ስም ጋር አገናኝቶ ይከፍተዋል፤ ቦቶቹ ያን እንዲያደርጉልህ አትጠብቅ። ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ሙሉው አድራሻ ይጻፍ።

ይህን ካስተካከልክ በኋላም የድሮው ፕሪቪው (ሊንኩ ሲለጠፍ የሚመጣው ካርድ) ይቆያል፤ ካሽ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ሼሪንግ ዲበገር በሚባለው የፌስቡክ መሣሪያ ውስጥ ሊንኩን አስገባና ስክሬፕ አጌን በል። 40 ገጽ አንድ በአንድ ከምትለፋ እዚያው ብዙ ሊንክ በአንዴ የሚያድስ ባች ኢንቫሊዴተር አለ። ለቴሌግራም ዌብፔጅቦት የሚባለውን ኦፊሴላዊ ቦት ፈልግና ሊንኮቹን ላክለት፤ በአንድ መልእክት እስከ 10 ሊንክ ይቀበላል፣ ፕሪቪውንም ያድሳል። «በግንባታ ላይ ነን» የሚሉት ሊንኮች ገጹ ሳይከፈት ቴሌግራም ላይ ለሙከራ የተላኩት መሆን አለባቸው።

የፎቶ ፋይል ስትቀይር ስሙንም ቀይር። በድሮው ስም ላይ አዲስ ፎቶ ብትጭን ፌስቡክ አድራሻው ያው ስለሆነ የድሮውን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ፒክስል ቆጣሪ

የዋትስአፑን እኔ ልመልስ። ዋትስአፕ ፕሪቪው የሚሠራው በላኪው ስልክ ላይ ነው። ሊንኩን ለጥፈህ «ላክ» እስክትል ባለችው ጊዜ ውስጥ ስልኩ ገጹንም ፎቶውንም ማውረድ አለበት። 4 ሜጋባይት ፎቶ ደግሞ በሞባይል ዳታ አይደርስልህም፤ ቢደርስም በጣም ትልቅ ፋይል ይተወዋል። ከ300 ኪሎባይት በታች አድርገው። 1200 በ630 የሆነ ጄፔግ በ75 ወይም በ80 ጥራት ብታስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ኤስቪጂ አትስጥ፣ ፕሪቪው አይሆንም።

1200 በ630 ፌስቡክ የሚመክረው ልክ ነው። ከ600 በ315 በታች ከሆነ ትልቁ ካርድ ቀርቶ ትንሿ ካሬ ትመጣለች፤ ከ200 በ200 በታች ጭራሽ አይቀበልም።

አሁን ዋናው ችግር ፎቶዎችህ ቁመት ያላቸው መሆናቸው ነው። አድ ኢሜጅ ሳይዝ በሚባለው የዎርድፕረስ የፎቶ ልክ ፈንክሽን ላይ 1200፣ 630 ብለህ ክሮፑን (መቁረጡን) ካበራህ ከ4000 ፒክስል ቁመት የሚተርፈው 1575 ብቻ ነው፣ እሱም ከመሃል። በርጩማው መቀመጫው ይታይና ሦስቱም እግሮቹ ይቀራሉ። ባለሦስት እግር እያልክ የምትሸጠው ዕቃ ያለ እግር ከቀረበ ምን ቀረው? ስለዚህ አትቁረጠው፤ 1200 በ630 የሆነ ባዶ ጀርባ ሥራና ፎቶውን ሙሉውን ቁመቱን 590 አድርገህ መሃል ላይ አስቀምጠው። መሃል የምለው በምክንያት ነው፦ ዋትስአፕ አንዳንዴ ፎቶውን ካሬ አድርጎ ያሳያል፣ የሚቆርጠውም ከግራና ከቀኝ ነው። ዋጋ ወይም ስም ጠርዝ ላይ ከጻፍክ ያኔ ይሄዳል።

ፎቶው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ በሰርቨሩ አማካይነት የምታትም ከሆነ ፎንቱን አብረህ ጫን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። አለበለዚያ ኮምፒውተርህ ላይ የሚያምረው ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ኦጂ ኢሜጅ ዊድዝና ኦጂ ኢሜጅ ሃይትንም ጨምር። ያለ እነሱ ፌስቡክ የፎቶውን ልክ የሚያውቀው ካወረደው በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ሼር ያደረገው ሰው ያለ ፎቶ ይቀራል፣ ከእሱ ኋላ ያለው ግን ያገኛል። ለኤክስ ደግሞ ትዊተር ካርድ የሚለውን ብቻ «ሰመሪ ላርጅ ኢሜጅ» ብለህ አስገባ፤ ርዕሱን፣ ማብራሪያውንና ፎቶውን ከኦጂው ይወስዳል።

ባይት ለቃሚ

የጥያቄ ምልክቱ፣ ባዶው ማብራሪያና «የጅማ በር» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጥበት ስርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ 1 ነው።

ሰብስትር ፊደል አያውቅም፣ ባይት ነው የሚቆጥረው። 160 ስትለው 160 ፊደል መስሎሃል፤ እሱ የሚሰጥህ ግን ባለ አራት ፊደል ቃላት ቢሆኑ 12 ቃል ብቻ ነው፦ አራት ፊደል 12 ባይት፣ ባዶ ቦታው 1። መቁረጫው ፊደሉ መሃል ካረፈ ከሦስቱ ባይት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ዳይመንዱ የእነሱ ውጤት ነው። ኢኤስሲ አትር ደግሞ ጥብቅ ነው፤ የተበላሸ ዩቲኤፍ 8 ካየ ሙሉውን ጽሑፍ ባዶ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ያው ስህተት በአንዱ ታግ ዳይመንድ፣ በሌላው ባዶ ሆኖ ታየህ። መቁረጫው ፊደል መጨረሻ ላይ ያረፈባቸው ገጾች በዕድል ተርፈዋል።

መፍትሔው በባይት ፈንታ ፊደል የሚቆጥረው ኤምቢ ሰብስትር ነው፣ «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን አብረህ ስጠው። ከዚያም የመጨረሻውን ባዶ ቦታ ፈልገህ እዚያ ላይ ቁረጥ፣ ቃል እንዳይሰበር። ለጉግል የሚሄደውንም በኢኤስሲ አትር አሳልፈው። አሁን ያለው አታተም ሌላም አደጋ አለው፤ ማብራሪያው ውስጥ የላቲን ድርብ ጥቅስ ከገባ ታጉ እዚያው ይዘጋና የቀረው ይጠፋል። በጽሑፉ ውስጥ የኛን «» ብትጠቀም ደግሞ ችግሩ ከነጭራሹ አይነሳም።

ወደ በሩ እንምጣ። ዎርድፕረስ ስለጉን (ከርዕሱ የሚወጣውን የአድራሻውን መጨረሻ) ሲሠራ እያንዳንዱን ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ምልክቶች ይጽፈዋል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ቦታ ይወስዳል፤ ለስለጉ የተሰጠው ቦታ ደግሞ 200 ነው። ርዕስህን ቁጠረው፦ በእጅ 3፣ የተቀረጸ 5፣ ባለሦስት 5፣ እግር 3፣ የጅማ 3፣ በርጩማ 4፤ ድምሩ 23 ፊደል። 23 በ9 ሲባዛ 207፣ ከ5 ሰረዝ ጋር 212። «በር» ላይ ሲደርስ 194 ሆነ፤ «ጩ» ብትጨመር 203 ስለሚሆን እዚያ ቆመ። ወደ 20 ፊደል የምትጠጋ ከሆነ ስለጉን በእጅህ አሳጥረህ ጻፍ። እኔ ብሆን በላቲን እጽፈዋለሁ፤ የአማርኛው አድራሻ በቴክስት መልእክት ሲላክ የፐርሰንት ጫካ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በአማርኛ ካስፈለገህ «የጅማ-በርጩማ» ይበቃል።

ጅሬን ማዶ

በላቲን ይሁን በሚለው አልስማማም። አማርኛ አንባቢ ጉግል ላይ አድራሻውን በፊደሉ ሲያየው ምን እንደሚከፍት ያውቃል። አጭር ይሁን እንጂ አማርኛነቱ ይቆይ።

ባለበርጩማው

እግዜር ይስጥልኝ። ኦጂ ዩአርኤሉን ቀይሬ ዲበገሩ ውስጥ ሳስገባው የበርጩማው ርዕስ መጣ፤ ዌብፔጅቦትም አድሶታል። ዳይመንዱ ከሶርስ ኮዱ ጠፍቷል፣ ጉግል ላይ ግን ገና ነው። ፎቶዎቹን ባዶ ጀርባ ላይ እያስቀመጥኩ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የሦስቱን ቋንቋ ገጾች በኤችሬፍላንግ (የእያንዳንዱን ገጽ ቋንቋ ለጉግል በሚናገረው ታግ) አገናኝቼ ነበር፤ ለአማርኛው «ኢ ቲ»፣ ለአፋን ኦሮሞው «ኦ አር» ብዬ። ትክክል ነው? ሌላው፣ ኪወርድስ የሚለው ታግ ውስጥ 30 ቃል አለ፤ ልጨምርበት ወይስ ይበቃል?

ባይት ለቃሚ

«ኢ ቲ» እንደ አገር ኮድ ኢትዮጵያ ነው፣ እንደ ቋንቋ ኮድ ግን ኢስቶኒያኛ ነው። «ኦ አር» ደግሞ የሕንዱ ኦዲያ ነው። ኤችሬፍላንግ ቋንቋ ነው የሚጠይቀው፦ አማርኛ «ኤ ኤም»፣ አፋን ኦሮሞ «ኦ ኤም»። ኦጂ ሎካል (የኦጂው የቋንቋ ታግ) ላይ ነው አገሩ የግድ የሚከተለው፦ «ኤ ኤም»፣ የታች ሰረዝ፣ «ኢ ቲ»። እሱን ባዶ ከተውከው ፌስቡክ የአሜሪካ እንግሊዝኛ አድርጎ ይወስደዋል። የኤችቲኤምኤል ታጉ ላይ ያለው ላንግም «ኤ ኤም» መሆኑን እይ።

ሦስቱም ገጾች እርስ በርስ መጠቋቆም አለባቸው፣ ራሳቸውንም ጨምሮ። አማርኛው ኦሮምኛውን ጠቁሞ ኦሮምኛው ካልመለሰ ጉግል ያንን ግንኙነት ይተወዋል። የእያንዳንዱ ካኖኒካል የራሱ ይሁን፤ የኦሮምኛውን ገጽ ካኖኒካል ወደ አማርኛው ካደረግከው የኦሮምኛው ከፍለጋ ይወጣል።

ኪወርድሱን ሰርዘው። ጉግል ለድር ፍለጋ ደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ ተናግሯል። ጊዜህን ርዕሱ ላይ አውለው። ጉግል ርዕስ የሚቆርጠው በስፋት ነው፤ ፊደሎቻችን ሰፋፊ ስለሆኑ ለእንግሊዝኛ የሚባለው 60 ለኛ አይሠራም። ዕቃውና ከተማው በመጀመሪያዎቹ 30 ፊደላት ውስጥ ይግቡ፣ የሱቁ ስም መጨረሻ ላይ ይሁን። ከተማዋን ሰው «ጅማ» ም «ጂማ» ም እያለ ነው የሚጽፋት፤ አንዱን ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ገጹ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አድርግ። በርጩማን «ዱካ» ብሎ የሚፈልግም አለና እሱንም አትርሳ። በቃላቱ መሃል ግን ሁለት ነጥብ ሳይሆን ተራ ባዶ ቦታ ተጠቀም።

ፒክስል ቆጣሪ

የጉግሉ ዳይመንድ እንዲጠፋ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል መሣሪያ ውስጥ ገብተህ በዩአርኤል ኢንስፔክሽን ሊንኩን አስገባና ሪኩዌስት ኢንዴክሲንግ በል። ከጥቂት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል፤ ደጋግመህ ብትጫነው አይፈጥንም። ቢታደስም ጉግል ያንተን ማብራሪያ ትቶ ከገጹ ውስጥ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሊመርጥ ይችላል፣ ያ ስህተት አይደለም።

ገጹ በግንባታ ላይ በነበረ ጊዜ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ ስር ፍለጋ ቦቶችን የሚከለክለው ሳጥን ተመርጦ ከነበረ መነሣቱንም አረጋግጥ። ሶርስ ኮዱን ከፍተህ ኖኢንዴክስ (ገጹ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል) የሚል ቃል ፈልግ።

ባለበርጩማው፣ የበሩን ስለግ ስትቀይር የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) መዞሩን ሞክረው። ዎርድፕረስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያዞረዋል፤ ግን በየግሩፑ የተላከው ሊንክ አሁንም በር ነው የሚለው፣ ያ ደግሞ አይታረምም።