«ዲን» ማለት ሃይማኖት ብቻ ነው እንዴ?

ጠያቂ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። በቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ በፋቲሓ ላይ «ማሊኪ የውሚዲን» ስንል «የፍርዱ ቀን ባለቤት» ማለት ነው። ሱረቱል ካፊሩን (የካፊሩን ምዕራፍ) ላይ ግን «ለኩም ዲኑኩም» ሲል «ሃይማኖታችሁ» ይባላል። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት! ግራ ገባኝ።

መልስ 1፦ ወዐለይኩሙሰላም ወንድሜ፣ ሦስተኛም አለልህ። ሱረቱ ዩሱፍ 76ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ ዩሱፍ ወንድሙን «በንጉሡ ዲን» ሊይዘው አይችልም ነበር ይላል። እዚያ ጋ የግብፁ ንጉሥ ሕግ ማለት ነው እንጂ እምነቱ አይደለም። «ደይን» ማለትም ዕዳ፣ «ዲን» ከመጣባቸው ከነዚያው ሦስት የዐረብኛ ሥር ፊደላት ነው የመጣው። እኔ እንደሚገባኝ ሁሉንም የሚያያይዛቸው ተጠያቂነት ነው፤ ሰው ለጌታው ባለዕዳ ነው፣ በሕጉ ይኖራል፣ በመጨረሻም ይፈረድበታል ወይም ይፈረድለታል።

መልስ 2፦ በግዕዝም እኮ «ደይን» ፍርድ ነው፣ «ዕለተ ደይን» ይባላል። ዕብራይስጡም «ዲን» ሲል ፍርድ ማለቱ ነው። የሴም ቋንቋዎች ዝምድና ሁሌ ደስ ይለኛል።

መልስ 3፦ ሐዲሱን (ከነቢዩ የተላለፈውን ዘገባ) አትርሱት። መልአኩ ጂብሪል ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማን (እምነት) እና ስለ ኢሕሳን (አምልኮን ማሳመር) ጠይቆ ሲሄድ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «ዲናችሁን ሊያስተምራችሁ መጣ» አሉ። ሶላቱም፣ እምነቱም፣ የልብ ሁኔታውም አንድ ላይ ዲን ተባለ ማለት ነው። ከ622ቱ ሂጅራ (የነቢዩ ወደ መዲና ስደት) በኋላ በተጻፈው የመዲና ስምምነት ላይም «ለአይሁዶች ዲናቸው፣ ለሙስሊሞች ዲናቸው» የሚል አለ።

ጠያቂ፦ ጀዛኩሙላህ ኸይር! የዩሱፍን አያ ስንቴ ቀርቼዋለሁ፣ ግን ልብ ብዬው አላውቅም።