ጂም ቫንስ በዋሽንግተን ለ45 ዓመታት ከዜና ጠረጴዛው ሳይነሡ እንዴት ቆዩ?

የሬዲዮ አዘጋጇ

ሰላም ለሁላችሁ። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለሚሰማ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት፣ በዋሽንግተኑ ደብሊው አር ሲ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቻናል 4 በምንለው ጣቢያ፣ ከ1972 እስከ 2017 የምሽቱን ዜና ስላቀረቡት ስለ ጂም ቫንስ አንድ ክፍል በማሰናዳት ላይ ነኝ። (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት እርሳቸው ካረፉ በኋላ በመሆኑ አንድም ቀን ሲያቀርቡ በቀጥታ አላየኋቸውም፤ ታላላቆቼ ግን ስማቸውን ሲያነሡ ስለ ቅርብ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላሉ። ከካሜራ ፊት ተቀምጦ ሌላ ሰው የጻፈውን ዜና የሚያነብ ሰው በሕዝብ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያገኘው በምን ምክንያት ነው? ሕይወታቸውንና ሥራቸውን የተከታተላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቀድሞ ጋዜጠኛ

እህቴ፣ ታሪኩን ከ1968 ብትጀምሪው ይሻላል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ዋሽንግተን በሁከት ታመሰች፤ ዛሬ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩበት የዩ ስትሪት አካባቢም ተቃጠለ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው፣ የከተሞችን ሁከት መንስኤ እንዲያጣራ በመንግሥት የተቋቋመው የከርነር ኮሚሽን ዘገባ፣ የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ዓለምን በነጮች ዓይን ብቻ እንደሚያዩና ጥቁር ጋዜጠኞችን ከዜና ክፍሎቻቸው እንዳራቁ ገልጦ ወቅሷቸው ነበር። በ1970ው የሕዝብ ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪዎች 71 ከመቶው ጥቁሮች ስለነበሩ፣ ጣቢያዎቹ ያንን ወቀሳ ሰምተው እንዳልሰሙ ማለፍ አልቻሉም። ቫንስ በ1969 በሪፖርተርነት የተቀጠሩት በዚህ ወቅት ነው።

የተወለዱት በ1942 በፔንስልቬንያ፣ አርድሞር በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው ያደጉት በአያቶቻቸው ቤት ሲሆን፣ የጥቁሮች ታሪካዊ ኮሌጅ በሆነው በቼይኒ ተምረው በፊላደልፊያ መምህር ሆኑ፤ በሲክስቲ ሚኒትስ የቴሌቪዥን ዝግጅት ስመ ጥር የሆኑት ኤድ ብራድሊም የኮሌጅ ጓደኛቸው ነበሩ። ከመምህርነቱ ወደ ጋዜጣና ወደ ሬዲዮ፣ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። ከ1976 እስከ 1980 ከሱ ሲመንስ ጋር ዜና ሲያቀርቡ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በአንድ የዜና ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥቁር አቅራቢዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። ከ1989 እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ደግሞ ከዶሪን ጌንዝለር ጋር አብረው ሠሩ፤ በስፖርቱ ጆርጅ ማይክል፣ በአየር ጠባዩ ቦብ ራየን ለረጅም ዓመታት አጅበዋቸዋል።

ሌላ ሰው የጻፈውን ያነብባሉ በሚለው ግን አልስማማም። በዚህ አገር የአካባቢ ጣቢያ ውስጥ ጥሩ አቅራቢ ጽሑፉን አስቀድሞ ያያል፣ ይጠይቃል፣ አፉ ላይ የማይገባውን ዐረፍተ ነገር ራሱ ያስተካክላል፤ ሥርጭቱ ከተጀመረ በኋላ አዲስ ነገር ቢፈጠር ደግሞ ምንም የተጻፈ ነገር ሳይኖረው መናገር ግዴታው ነው። ቫንስ ከዚህም አልፈው የራሳቸውን አስተያየት በስማቸው ያቀርቡ ነበር። የከተማዋ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ይጠራበት የነበረው ስም የአገሬውን ነባር ሕዝቦች የሚያዋርድ ስለሆነ ሊቀየር ይገባል ብለው በ2013 በአደባባይ ተናግረዋል፤ ቡድኑ ስሙን የተወው በ2020 ነው። ደጋፊዎቹ የገዛ ተመልካቾቻቸው በሆኑበት ከተማ ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

የአርሊንግተኑ

የቀድሞው ጋዜጠኛ ታሪኩን በሚገባ ስላስቀመጡት እኔ የራሴን ልጨምር። በ1992 እንደመጣሁ በመሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ማታ ማታ እሠራ ነበር። በገንዘብ መቀበያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የቫንስ ዜና ሲጀምር ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ሌሎቹ ሲናገሩ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቃሉን ስለማይውጡትና ስለማይጣደፉ እየሰማሁ ከሥር ከሥራቸው እደግም ነበር። በኋላ ታክሲ ስነዳ ተሳፋሪ የሚጠራልኝን መንደርና ጎዳና ሳልደናገር የለየሁት ስሞቹን ከእርሳቸው አፍ ስለለመድኳቸው ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ቫንስ በ1980ዎቹ የኮኬይን ሱስ ይዟቸው ከሥራ ርቀው ታክመዋል፤ ከተመለሱ በኋላም ስለ ሱሱና ራሳቸውን ለማጥፋት እስከማሰብ ስላደረሳቸው ድብርት በግልጽ ይናገሩ ነበር። እኛ ገመናን መሸፈን ተምረን ያደግን ሰዎች ነን፤ በቤታችንም በመጠጥ የተጎዳ ወንድም እያለን ለዓመታት «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልን እንግዳ እንመልስ ነበር። ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ውድቀታቸውን ሲናገሩ ሰምቼ ነው ወንድሜን ይዤ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ሰው አድናቂ የሚሆነው ለድምፅ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በእኔ ቤት የሆነው እንዲህ ነው።

የታሪክ መምህርት

አንድ ቦታ ብቻ ልጠቁምሽ። በዩ ስትሪት በሚገኘው በቤንስ ቺሊ ቦል ምግብ ቤት የጎን ግድግዳ ላይ በሰኔ 2017 የተመረቀ ትልቅ ሥዕል አለ፤ ሃሪየት ተብማን፣ ሙሐመድ ዓሊና ኦባማ ከነባለቤታቸው ባሉበት ግድግዳ ላይ የቫንስም መልክ ተስሏል። በወቅቱ በካንሰር ታመው የነበረ ቢሆንም በምረቃው ላይ ተገኝተዋል። ያረፉት ከአንድ ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በ75 ዓመታቸው ነው። ናይንዝ ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚርቅ ድምፅ መቅረጫሽን ይዘሽ ብትሄጂ፣ ስለ እርሳቸው የሚነግርሽ የእኛ ሰው አታጪም።

የሬዲዮ አዘጋጇ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት የተወለዱበትን፣ የተማሩበትንና የሠሩበትን ዓመት በቅደም ተከተል ለማንበብ ነበር፤ አሁን ግን ዝግጅቱን በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ልጀምረው አስቤአለሁ። የአርሊንግተኑ ወንድሜ፣ የወንድምዎን ነገር ሳንነካ፣ ስለ ማታ ሥራዎና ከቫንስ ሥር ይደግሟቸው ስለነበሩት ቃላት በራስዎ ድምፅ ቢነግሩን ፈቃደኛ ነዎት?

የአርሊንግተኑ

ፈቃደኛ ነኝ። ወንድሜንም ጠይቄዋለሁ፤ «እኔው ራሴ መጥቼ እናገራለሁ» ብሎኛል።