ከኮሮና በኋላ ለቅሶ ይጠር ወይስ ወደ ድሮው ይመለስ?

የቅሬ ጸሐፊ፣ ደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላ ቦታ ዕድር የሚሉት፣ እሁድ ይሰበሰባል። ዋናው አጀንዳ የለቅሶ ሥርዓታችን ነው። እዚህ ያመጣሁት ኮምቦልቻም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይሄንኑ እየተከራከራችሁበት መሆኑን ስለሰማሁ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በወሩ መጨረሻ፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ያኔ ቅሬያችን ድንኳን መትከል አቆመ። ቀብር በጥቂት ሰው ሆነ፣ ሦስት ቀን መቀመጥ ቀረ፣ ለሐዘንተኛው የሚደርሰው መዋጮው ብቻ ሆነ። አዋጁ ካበቃ ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 2015 ላይ የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ብሏል። እኛ ግን እስካሁን መሃል ላይ ነን። ድንኳኑ ተመልሷል፣ ሰዉ ግን ግማሹ ይመጣል፣ ግማሹ በቴሌብር ልኮ ይቀራል።

የኔን ሐሳብ ልናገር፣ ከዚያ ሞግቱኝ። ድግሱ ይቅር፣ መቀመጡ ይቆይ። ለሐዘንተኛ ቤት ንፍሮና ውሃ ይበቃል። ሦስቱ ቀን ግን ይከበር። በ2012 እናቱን ቀብሮ በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ጎረቤት አለኝ። ገንዘቡ ሙሉውን ደርሶታል። እስከ ዛሬ ግን እናቱ በተነሳች ቁጥር «አልተለቀሰላትም» ይላል። ይሄን ሰው እያየሁ ለቅሶ በስልክ ይለቅ የሚለውን መቀበል አልችልም።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ፦
ጋሽ ጸሐፊ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁሉንም ለኮሮና አትስጡት። ሰው የቀረው ኑሮ ስለከበደው ነው። ጥቅምት 2014 ማብቂያ ላይ በጦርነቱ ከተማዋን ለቀን ስንወጣ የነበረውን ታውቃላችሁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ የብዙዎቻችን ሱቅ ባዶ ግድግዳ ነበር። ከዚያ ተበድረን ተነሳን ስንል ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለና ዘይቱም ስኳሩም ጨርቁም ሌላ ሆነ። እኔ ሱቄን ሦስት ቀን ዘግቼ ድንኳን ውስጥ ብቀመጥ የወሩን ኪራይ ማን ይከፍልልኛል? ኮሮና ለመቅረት ምክንያት ሰጠን እንጂ መቅረቱን ያመጣው ኪስ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ቀብር ላይ ሁሉም ይገኝ፣ የቀረው አንድ ማታ ይሁን። ሥራ ያለው ሰው ከሥራ በኋላ ይምጣ። ከዚያ ያለፈውን የሚችል ይቀመጥ፣ የማይችል አይቀጣ። ቅጣቱ ነው ሰውን ከቅሬ የሚያስወጣው።

ልብስ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦
የምታወሩት ቅሬ ስላለው ሰው ነው። ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ፣ ከለጋምቦ ተነስተን የመጣን ልጆች አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተን ነው የምንኖረው። አብዛኞቻችን የማንም ቅሬ አባል አይደለንም። ቤት የሌለው፣ ተከራይ የሆነ፣ ነገ ሊሄድ ይችላል ተብሎ አይመዘገብም። በኮሮና ሰሞን ማታ ማታ የምናወራው አንድ ነገር ነበር። ብንታመም ማን ይጠይቀናል፣ ብንሞት ማን ይቀብረናል? ጎረቤቶቻችን ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ መዝገብ ላይ ስለሌለን ነው።

የፈቃዱን ነገር ደግሞ እወቁልን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ጎረቤት እዚያ ውስጥ የለም። አብራኝ የምታድር ጓደኛዬ ብትሞት እኔ ለሕጉ ምኗም አይደለሁም። እና ሦስት ቀን ካልተቀመጣችሁ ትቀጣላችሁ ብትሉን ከሥራ የቀረንበት ቀን ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ቅሬው ደግሞ ይቀጣናል። ከሁለቱም ወገን ነው የሚነሳብን።

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦
ልጄ፣ የተናገርሽው ከባድ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ወረርሽኝ ባህል ይቀይራል ወይ ለሚለው አንድ ነገር ልበል። ኅዳር 1911 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል። የኅዳር በሽታ ያሉት እሱን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰው መቀባበሩን አልተወም። የቀረልን ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨሱ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ከወረርሽኝ በኋላ ሕዝብ የሚይዘውና የሚጥለው ነገር አለ ማለት ነው፣ የሚመርጠው ራሱ ነው።

አሁን እኛ ምን ያዝን? እጅ መታጠቡን አልያዝንም። በየሱቁ በር ላይ የነበረው ባለ ቧንቧ ጀሪካን የት ገባ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያንን ጀሪካን ማስቀጠል ይገባን ነበር። ትምህርት ቤት ወራት ሲዘጋ የተጎዱትን ልጆችም ረሳናቸው። ፈጥነን የያዝነው መቅረትን ነው። ሊያዝ የማይገባውን ያዝን ባይ ነኝ። እኔ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፣ እንዲያውም እኔ ብሆን ድግሱንም አልነካም። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ጾሙን አይሸኝም። የወሎ ሰው እንግዳ እንዲህ አይሸኝም።

የአራዳዋ እናት፦
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ልጆቼን አስተምረዋል። ግን ድግሱን አልነካም ሲሉ ማን እንደሚሠራው አልተናገሩም። «ሰው ይቀመጥ» ስትሉ የምትቀመጡት ወንዶቹ ናችሁ። እኛ ሌሊት ሽንኩርት እንልጣለን፣ እንጀራ እንጋግራለን፣ ሳህን እናጥባለን። የሞተችብኝ ታላቅ እህቴ ሆና እንኳን ድስቱ አረረ አላረረ ብዬ ስሮጥ ነበር። በኮሮና ጊዜ ግን ባለቤቴ ሲሞት፣ እስቲ ልናገረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምጣድ የለም፣ ድስት የለም። ሰውም አልነበረም፣ እሱ ጎድቶኛል። ግን ልቅሶዬን ማንም ጓዳ አልጠራብኝም።

እኛ ሙስሊሞችም ብንሆን ሐዘንተኛ ድግስ ያዘጋጅ የሚል የለንም። የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር ሲሞት ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ለቤተሰቦቹ ምግብ ሥሩላቸው ነው ያሉት። ጎረቤት ነው የሚያበላው። ክርስቲያን እህቶቼም ሠልስቱ ላይ እንደዚሁ ጓዳ ለጓዳ ነው የሚውሉት። ስለዚህ ጋሽ ጸሐፊ፣ ድግሱ ይቅር ያሉትን እደግፋለሁ፣ ግን «ይመከራል» ተብሎ አይጻፍ። ሲመከር ሀብታሙ ይደግሳል፣ ደሃዋ አፍራ ተበድራ ትደግሳለች። ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍ።

ነርስ፣ ደሴ፦
እኔ የጤናውን ጎን ላንሳ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ወረርሽኙ እንዳለፈ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። በኮሮና ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል ብዙ ቤተሰብ የተጨነቀው ሬሳው ያስይዘናል ብሎ ነበር። ኮሮና ላይ ትልቁ አደጋ ሬሳው አልነበረም። አደጋው ድንኳኑ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ በደሴ ብርድ ሸራው ተዘግቶ፣ ሰዓታት አብሮ መተንፈስ።

ሁሉም በሽታ ግን እንደ ኮሮና አይደለም። ኢቦላ በ2006 ጊኒ ላይ ተነስቶ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያዳርስ ከ11,000 በላይ ሰው ሞቷል፣ ከመዛመቻ መንገዶቹ አንዱ ሬሳ ማጠብና መንካት ነበር። እኛም አገር በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የተገኘው ማርበርግ የዚያው ዘር ነው፣ ከሟች አካል ይተላለፋል። እነዚያ አገሮች መጀመሪያ ላይ ሬሳውን ከቤተሰብ ቀምተው ሲቀብሩ ሰው ታማሚ መደበቅ ጀመረ። የተሻለ የሆነው የሃይማኖት አባቶች ገብተውበት፣ ቤተሰብ ራቅ ብሎ እያየ፣ ጸሎቱ ሳይቀር መቀበር ሲቻል ነው።

እና እኔ የምለው አንድ ነው። ለደህናው ቀን እንደፈለጋችሁ ወስኑ። ለክፉ ቀን ግን የተለየ አንቀጽ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይግባ። ጤና ቢሮ ወረርሽኝ አለ ሲል ድንኳን አይተከል፣ ግን ሐዘንተኛው ቤት በር ላይ ሁለት ሁለት ሰው በየተራ ራቅ ብሎ ይዋል፣ ማን መቼ እንደሚሄድ ቅሬው ይመድብ። በ2012 ያጣነው ይሄንን ነው። ክልከላውን ሰማን፣ በምትኩ ምን እናድርግ ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የጸሐፊው ጎረቤት ብቻውን የቀረው አዋጁ ብቻ አይደለም ምክንያቱ፣ እኛም አላሰብንበትም።

ከጅዳ፦
ድምፄን ጽፌ ልላክ ብዬ ነው፣ ሥራ ላይ ነኝ። አባቴ በ2012 ሲያርፍ ሳዑዲ በረራ ዘግታ ነበር። ቀብሩን ያየሁት በኢሞ ነው፣ መስመሩ እየተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት እልካለሁ፣ ደውዬም አለቅሳለሁ። «በቴሌብር ልኮ ይቀራል» የምትሉት አንገቴን ያስደፋኛል። ገንዘብ የላከ ሁሉ የሸሸ አይደለም። እኔ የምልከው ብር እዚህ የሰው ቤት ቆሜ ያገኘሁት ነው። ለቅሶ ብድር ነው ብላችሁ አሳደጋችሁን፣ እኔ ብድሬን የምከፍልበት መንገድ ይሄ ብቻ ነው። እባካችሁ እዚያው ሆኖ የሚቀረውንና መምጣት የማይችለውን ለዩን።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ፦
እህቴ አብሽሪ፣ አባትሽን አላህ ይርሃመው። አንቺን ማንም አላለም። ግን ጥያቄው ትክክል ነው፣ ደንቡ ላይ ካልተለየ አንድ ላይ ይታያል።

ነርሷ ያለችውን ተራ መመደብ ወድጄዋለሁ፣ እንዲያውም ለምን ለወረርሽኝ ብቻ ይሆናል? ለደህናውም ቀን ቢሠራ ነጋዴውም ሰፊዋም የሚችሉትን ሰዓት ይይዛሉ። ሐዘንተኛው ሦስቱንም ቀን ሰው አያጣም፣ እኛም ሱቅ አንዘጋም። የአራዳዋ እናት ክልክል ይባል ያሉት ግን ከብዶኛል። ሰው በገዛ ቤቱ ለእናቱ ልደግስ ቢል ቅሬ ምን አግብቶት ይከለክላል? ገንዘቡ የራሱ ነው።

የአራዳዋ እናት፦
ልጄ፣ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ጉልበቱ ግን የኔ ነው። ደግሶ ሲያበቃ «የቅሬ ሴቶች ይምጡ» ተብሎ የምንጠራው እኛ ነን፣ ያልመጣች ትቀጣለች። በሰው ቀጥሮ፣ በራሱ ዕቃ፣ የቅሬውን ድስትና ሴት ሳይነካ ከደገሰ ይደግስ፣ አልከለክልም።

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦
ይሄ እንኳን የሚያስማማ ነው። እኔ የተከላከልኩት እንግዳ ተቀባይነታችንን ነበር፣ በእናንተ ጫንቃ ላይ ይቁም አላልኩም። ከሩቅ ለመጣ ሰው ጎረቤት በየቤቱ ያብላ፣ አንዱ ቤት ሁለት ሰው ይያዝ። በድሮው ገጠርም እንደዚያ ነበር።

የፓርኩን ልጅ ነገር ግን አትለፉት። ከዚህ ሁሉ ክርክር ለኔ የከበደው የሷ ነው። እኛ የምንጣላው ስንት ቀን እንቀመጥ ብለን ነው፣ እሷ የምትጠይቀው የሚቀመጥላት ሰው ይኖራል ወይ ነው። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነሱን ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ መቶዎች ሆነው።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ደሴ፦
ሁሉንም ጽፌያለሁ። እሁድ የማቀርበው እንዲህ ነው። ሦስቱ ቀን ይቆያል፣ በተራ ይሆናል፣ በሥራ ሰዓት የቀረ አይቀጣም። በቅሬው ዕቃና በቅሬው ሴቶች ጉልበት ድግስ ክልክል ይሆናል። ውጭ አገር ያለ አባል የሚልከው እንደ መገኘት ይቆጠራል፣ ከተማ ያለ ግን ቀብር ላይ መገኘት አለበት። የወረርሽኝ አንቀጽ ይጨመራል፣ ነርሳችን መጥታ ብታስረዳ ደስ ይለኛል። ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፣ ድምፅ ይሰጥበታል።

ልብስ ሰፊ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ፦
ጋሽ ጸሐፊ፣ የተከራይ ነገር ዝርዝሩ ውስጥ አላየሁትም። እናንተ ደሴ ናችሁ፣ እኛ ኮምቦልቻ፣ ግን እናንተ ከጻፋችሁት የኛም ቅሬዎች ያዩታል። ገባ ወይስ አልገባም?

የቅሬ ጸሐፊ፣ ደሴ፦
ገብቷል፣ ሁለተኛ ተራ ቁጥር ላይ ነው፣ ለብቻው ስለሚታይ ነው እዚህ ያላነሳሁት። ችግሩ የመግቢያ ክፍያው ነው። ነባር አባላት ለዓመታት ያዋጡት ድንኳንና ዕቃ ስላለ አዲስ ገቢ በአንድ ጊዜ ብዙ ይክፈል የሚሉ አሉ። በየወሩ ከደመወዝ ጋር ተከፋፍሎ ቢሆን ስንት ትችላላችሁ? ክፍላችሁን የሚጋሩትን ልጆች ጠይቂና እስከ ቅዳሜ ማታ ላኪልኝ፣ ቁጥሩን ይዤ ልግባ።