ሴባስቶፖል ከመቅደላ ይውረድ ወይስ እዚያው ይቀመጥ?

ጠያቂው፦ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ሴባስቶፖል፣ የአፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ፣ ቅጂ መሆኑን ታውቃላችሁ አይደል? ዋናው ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ መቅደላ ነው ያለው። ተጠግኖ አዲስ አበባ ይምጣ ባይ ነኝ። ወሎ፣ ተንታ ድረስ ሄዶ ያን ዳገት የሚወጣ ስንት ሰው አለ? ልጆቻችን የሚያውቁት ታክሲ የሚዞረውን ቅጂ ብቻ ነው። እሱም በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በሚጠራው ቸርችል ጎዳና ላይ!

የወሎ ልጅ፦ አይነካም! መድፉን ትልቅ ያደረገው መንገዱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሱት በ1860 መጀመሪያ ነው። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ። ሰባ ኩንታል የሚባል ነሐስ በሰው ጉልበት ሲጎተት፣ የጂዳና የበሽሎ ገደል እየተፈለጠ መንገድ ሲወጣለት ነው ያ ሁሉ ወር ያለቀው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። አሁን በክሬን አንስተህ ሎቤድ ላይ ጭነህ አዲስ አበባ ብታራግፈው ምኑን ነው የምታሳየው?

ነገር በልክ፦ ኧረ ቀስ! መድፉን ያቀለጡት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የነበሩ የአውሮፓ ሚሲዮኖች ናቸው። መድፍ ሠርተው አያውቁም፣ ተገደው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ ከእንግሊዞች ጋር የተደረገውን ውጊያም መድፉ አልቀየረም። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር ደግሞ ከባድ መድፎቹን በዝሆን አስጭኖ ነው የመጣው። ደሞ አንተ የወሎ ልጅ፣ እኚያ ንጉሥ ወሎ ላይ ስንቴ እንደዘመቱ አያቶችህ አልነገሩህም?

የወሎ ልጅ፦ ነግረውኛል፤ አልረሳንም። እዚያው ይቀመጥ የምለውም ለዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከሄደ ጀግንነቱ ብቻ ይወራል። እኛ ጋ ግን ጀግንነቱም በደሉም ይነገራል።

የጋፋት ጎረቤት፦ እንግዲያው ወደተወለደበት ይመለስ! የመይሳው መድፍ ቤቱ ጋፋት ነው።

ጠያቂው፦ ጋፋት ደግሞ ከየት መጣ? በዚያ በሽሎ እንደገና ልትጎትተው ነው? እኔን የሚያሳስበኝ ጥበቃው ነው።

የወሎ ልጅ፦ ጥበቃ ካልክማ፣ በ2014 የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሙዚየም ስለገባ ብቻ የሚተርፍ ነገር የለም። እንግሊዞች የመቅደላን ዘውድና ብራና በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሲሄዱ መድፉን ጥለውት ነው የሄዱት። ክብደቱ ዘበኛው ነው። ለማውረጃ የሚሆን ብር ካለ መንገዱ ይጠገንበት። የሰፈሩ ወጣት አስጎብኚነት ይሰልጥን፣ ደሞዝም ይቆረጥለት። ጥገናው ላይ ደግሞ አደራ፣ ቀለም ቀብታችሁ እንደ ቡና ቤት በር እንዳታብለጨልጩት።

ነገር በልክ፦ በዚህስ ተስማምቻለሁ። ግን አጠገቡ ለጎተቱትም አንድ ነገር ይጻፍ። እስከዛሬ የምናወራው ስለ ንጉሡና ስለ ፈረንጆቹ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ደሞዙንስ ማን ይክፈል? ወረዳው?

የጋፋት ጎረቤት፦ ጋፋት ከመጣ እኛ እንከፍላለን።