ወንድሜ ከጫት በኋላ እንቅልፍ አጥቷል፤ ምን ላድርግ?

እህት፣ ፍኖተ ሰላም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ይማራል፣ 20 ዓመቱ ነው። ለፈተና ብሎ ሦስት ሌሊት ሲቅም ከርሞ ትናንት መጣ። እህል አልቀመሰም። ጥርሱን ያፋጫል፣ ላብ በላብ ነው፤ ልቡ ሲመታ ከሸሚዙ ላይ ይታያል። የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ለጥፎበታል። «ጎረቤቶች ስሜን እየጠሩ ይስቃሉ» ይላል። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል እንውሰደው ትላለች። ግራ ገባኝ።

የሞጣው፦
አይዞሽ እህቴ፣ ምርቃናው አልወርድ ብሎት ነው። እኛ ግቢ እያለን ሁለት መለኪያ አረቄ ያወርደው ነበር።

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ፦
አንተ ልጅ፣ ጨብሲህን እዚያው! ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ አምፌታሚን የሚባለው የሚያነቃቃ መድኃኒት ዘመድ ነው። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። መጠኑ ሲበዛና እንቅልፍ ሲጠፋ ሰው መጠራጠር፣ የሌለ ድምፅ መስማት ይጀምራል። እህቴ፣ ያተኩሰዋል? ደረቱን ያመዋል? ከጫቱ ጋር ሌላ ነገር ወስዷል?

እህት፦
አያተኩሰውም፣ ደረቱንም አላመመውም። ግን አሁን ኪሱን ስፈትሽ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አገኘሁ። ከ10ሩ ፍሬ 4 ነው የቀረው።

ነርስ፦
በይ ተነሺ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት! ትራማዶል ሲበዛ እንደ ሚጥል በሽታ ሰው እያንቀጠቀጠ ይጥላል፣ ከሚያነቃቃ ነገር ጋር ደግሞ ይብሳል። አረቄ ቢጨመርበት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ፣ ምንም አትደብቂ። የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪው፤ ማረጋጊያ ካስፈለገ እነሱ እያዩ ይስጡት። መንገድ ላይ ከጣለው ወይም ትንፋሹ ከከበደ 907 ደውዪ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

አባት፣ ዳንግላ፦
ልጄ፣ በኔም ቤት ደርሷል። «ማንም የለም እኮ» እያልኩ ስከራከረው ባሰበት። ሬዲዮውን አጥፍቼ፣ ሰው ቀንሼ አጠገቡ ዝም ብዬ ስቀመጥ ረገበ። ቢላና ገጀራ ከአጠገቡ አርቁ። እናትሽንም አታስቀይሚ፤ ጠበሉ ከሐኪሙ በኋላ ይደርሳል። የኔው ጫቱን ተወ፣ በ10 ቀን ገደማ ድምፁ ጠፋለት። እንቅልፉ ተመልሶም ድምፁ ካልተወው የአእምሮ ሐኪም አሳዩት።

የሞጣው፦
ስለ አረቄው ይቅርታ፣ ትራማዶሉን አላወቅኩም።

ነርስ፦
ባይኖርም አይደረግም!

እህት፦
ደርሰናል። ግፊቱ 160 በ100 ነበር። ለክትትል አልጋ ይዘናል፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው። ስልኩ እኔ ጋ ነው። ፕላስተሩን አላነሳሁበትም።